ባቴና ዳር የተጠራው ስም

ተቀበሉኝ! ይህን አንድ ቃል ጽፌ ደግሜ አነበብኩት፤ አሁንም ደስ ይለኛል። የሠፈራችን ወጣቶች የሚሻገር ሰው በሙላት እንዳይወሰድ ያቋቋሙት የክረምት ወንዝ ጠባቂ ቡድን ገመድ ወርዋሪ አድርጎ ተቀበለኝ። ፈተናው ባቴና ወንዝ ዳር ነበር። ወንዙ መሀል ያለችው ድንጋይ ላይ ቢጫ ጀሪካን አስቀመጡና «ገመዱን በላይዋ አሳልፋችሁ ጣሉ» አሉን። ወንዶቹ በየተራ ወርውረው ገመዳቸው ውሃ ሲጠጣ፣ የእኔው ሄዶ አንገቷ ላይ እንደ ሻሽ ተጠመጠመ። አንዱ «ዕድል ነው፣ እስቲ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ከዚያ ወዲያ ስለ ዕድል ያወራ የለም።

ቤት የደረስኩት እየሮጥኩ ነው። አያቴ ታደለች በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። «ቆማ» የምለው በምክንያት ነው፤ አያቴ ክረምት ከገባ አትቀመጥም። ደመና ባየች ቁጥር ብድግ ትላለች፣ እስከ አጥሩ ትሄዳለች፣ አንጋጣ ወደ ላይኛው አገር ታያለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። አባቴ «እማዬ፣ ወንበሩ ይቆረቁርሻል እንዴ?» ሲላት «አይ፣ እዚያ ማዶ ጀምሯል» ትለዋለች። እዚህ ሆሳዕና ላይ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኛ የእርጅና ጠባይ ነው ብለን ትተነው ነበር።

«እማማ፣ ተቀበሉኝ!» ብዬ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ስማ እንደምትመርቀኝ ጠብቄያለሁ። እሷ ግን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችና፣

«ስም ትጠይቃላችሁ?» አለችኝ።

«የምን ስም?»

«የሚሻገረውን ሰው ስም ነዋ! ውሃ ከመግባቱ በፊት።»

«ኧረ ለምን ብለን? ቀበሌ መሰልንሽ?»

«እንግዲያው ገና መወርወር ብቻ ነው የቻላችሁት» አለችና ነጠላዋን አነሳች። «ተነሺ፣ ወንዙ ድረስ እንሂድ። ይሄ ቁጭ ተብሎ የሚነገር አይደለም።»

መንገድ ከመጀመራችን በፊት አንባቢ አንድ ነገር ይወቅልኝ። በአካባቢያችን በድሮው ደንብ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፣ ስሙን የሚመስለውን ቃል ሁሉ ትሸሻለች። ያሁኖቹ ትተውታል፤ አያቴ አልተወችም። የባሏ የጴጥሮስ፣ ማለትም የወንድ አያቴ፣ አባት ስሙ ሎምቤ ነው። እና አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሎሚ ብላ አታውቅም፤ «ያንን ጎምዛዛውን አቀብዪኝ» ነው የምትለው። አንድ ጊዜ መታወቂያ ልታሳድስ አብሬያት ሄጄ፣ ጸሐፊው የባለቤቷን ሙሉ ስም ሲጠይቃት «ጴጥሮስ» ብላ ዝም አለች። «ጴጥሮስ ማን?» ሲላት «እሷ ትንገርህ» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ጸሐፊው የባሏን አባት የረሳች ምስኪን አሮጊት መስላው በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ በሳቅ ልሞት።

ከዚህ በታች ያለው ንግግር የእሷ ነው። መንገድ ለመንገድ፣ ቆም ሄድ እያለች ስለነገረችኝ እኔም እንደዚያው ጻፍኩት።

«ያኔ ይሄ አስፋልት የለም። ከመናኸሪያው ወደ ታች ጭቃ ነው፤ የጋሪ ፈረሶች እስከ ጉልበታቸው ይገቡበታል። ይሄ ሞባይል የሚሸጥበት ጥግ የልብስ ሰፊው ቤት ነበር፤ ከፊቱ ሻይ ቤት ነበረች። ስሙኒ ይዘሽ ከገባሽ ሻይ ከነፓስቲው ትጠጫለሽ፣ ሬዲዮኑንም በነጻ ትሰሚያለሽ። ወንዶቹ አፍሯቸው ላይ ሚዶ ሰክተው፣ ከታች የሰፋ ቦላሌ ለብሰው እዚያ ደጃፍ ይደገፋሉ። ከታች ሰፊ ሆኖ ጭቃ ሲጠርግ ታያለሽ፤ ፋሽን ነው ይሉሻል። እኛ ሴቶቹ ኮንጎ ጫማ። ዝናብ ሲመጣ ጫማውን አውልቀን ብብታችን ውስጥ፤ እግር ይታጠባል፣ ጫማ ግን ከየት ይመጣል? ደግ ጊዜ ነበር አልልሽም። የደርግ ጊዜ ነው፤ ዛሬ ስብሰባ፣ ነገ ሰልፍ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የሆነ ሰው ከሠፈር ይጠፋል፤ አትጠይቂም። ግን ልጅ ነበርን። ልጅ ሲኮን ጉልበት መሄጃ ያጣል።

«እኔ የነበርኩበትን የዋና ክበብ ያመጣው ጋሽ አዱኛ ነው። ከጣና ዳር ተመድቦ የመጣ የስፖርት መምህር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር የአገሩ ቃና ያለው። አንድ የገበያ ቀን ባቴና ዳር ወርዶ፣ ሴቶች ቅቤና ቆጮ አዝለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሙላቱን ሲሻገሩ አየ። በማግስቱ ክፍል ገብቶ ‹ዋና የሚችል እጁን ያውጣ› አለን። ሳቅን። አንዱ ተማሪ ‹ጋሼ፣ እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ውሃን የምናውቀው ስንጠጣው ነው› አለው። እሱ አልሳቀም። ያን ክረምት አንድ ባለጋሪ ከነፈረሱ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል ጠለቅ ያለው ቦታ ወስዶ በየተራ ነከረን።

«የክበቡ ስም የወጣው የቀበሌው ሊቀመንበር ባለበት ስብሰባ ስለሆነ ረጅም ነበር፤ ተነግሮ ሳያልቅ ሰው ይሰምጣል። ሕዝቡ ‹ውሃ ጠባቂዎቹ› አለን፣ በዚያው ቀረ። ቁምጣችን ቀይ ነው። ለበዓል ሰልፍ የተዘረጋው ባለመፈክር ጨርቅ ዝናብ መትቶት ቀለሙ ሲፈስ ‹ለወጣቱ ይሰጥ› ተባለና ልብስ ሰፊው ቀደደልን። ፊደሎቹን ወደ ውስጥ ለማዞር ሞክሮ ነበር፣ ሁሉም አልሆነለትም። ደሳለኝ የሚባል ልጅ ነበር፤ የሰሜን ሰው፣ የቢሮ ሠራተኛ ልጅ። የእሱ ቁምጣ ላይ፣ መቀመጫው ላይ፣ ‹ወደፊት› የሚል ጽሑፍ ቀረ። ከዳምቦያ ልጆች ጋር በዋና ስንወዳደር ከኋላው የነበሩት ያንን እያነበቡ ነው የተሸነፉት።»

እዚህ ጋ ቆማ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ግን አንጋጣ ሰማዩን አየች። እኔም አየሁ። ምንም የለም። «ነይ፣ ነይ» አለችኝ፤ የቀረን ይመስል።

«ገመዱን የፈተልነው ራሳችን ነን፣ ከእንሰት ቃጫ። ናይሎን የት ይገኛል! ቃጫ ሲርስ ይከብዳል፣ ክንድ ይቆርጣል፣ ግን ከእጅ አያመልጥም። ጫፉ ላይ ክዳኑን በሰም የደፈንነው ጀሪካን እናስራለን። መዋኘቱ የወንዶቹ ነው፤ እኔ ብቻዬን ሴት ነኝና፣ ቁምጣዬን ከቀሚሴ ሥር ለብሼ ዳር ላይ እቆማለሁ። ምን ላድርግ? ወረወርኩ። ወንዶቹ ሲዋኙ ወረወርኩ፣ ወንዶቹ ኳስ ሲጫወቱ ወረወርኩ፣ ከቤት ውሃ ልቀዳ ተልኬ ወረወርኩ። በዓል ሲሆን የሀደሮም የዳምቦያም ልጆች በጭነት መኪና እየዘፈኑ ይመጣሉ። የዋናው ውድድር አለ፣ ገመድ ጉተታው አለ፣ የውርወራው አለ። በውርወራው አንደኛ የወጣሁ ጊዜ ሽልማቱ ሸራ ጫማ ነበር። ሴት ትወስደዋለች ብሎ ያሰበ የለምና የወንድ ቁጥር ነው። ጨርቅ ጎስጉሼበት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩበት! እናቴ አፍራ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አሁን ወደ ስሙ ልምጣልሽ። ጋሽ አዱኛ አንድ ደንብ ነበረው፤ በእሱ ቀልድ አያውቅም። ‹የሚሰምጥ ሰው ገመድ ያዝ ብትሉት አይሰማም› ይለናል። ‹ጆሮው ውስጥ ውሃና ፍርሃት ነው ያለው። አባባ፣ እማማ ብትሉትም ሌላ ሰው የጠራችሁ ይመስለዋል። የራሱን ስም ከጠራችሁት ግን ይዞራል። ፊቱን ካዞረ ገመዱን ያያል።› ስለዚህ ሰው ከመሻገሩ በፊት ስሙን እንጠይቃለን። ስሙን ያልተናገረ አይሻገርም ነበር ደንቡ። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀብን፤ በኋላ ለመደና ገና ከሩቅ ‹አበበች ነኝ! ደግሞ እንዳትረሳኝ!› እያለ ይመጣ ጀመር።

«ከዚያ ተዳርኩ። ወደ ሌሞ፣ ለአያትሽ ለጴጥሮስ። አያትሽ ደግ ሰው ነው፤ ቃል ግን ከአፉ በወለድ ነው የሚወጣው። አባቱ ደግሞ...» አለች፤ ስሙን ዘለለችው፣ «ትልቅ ሰው ነበሩ። ጃንጥላ ይዘው፣ ከዘራ ይዘው ሲወጡ አገር ይነሳላቸዋል። የገባሁ ሰሞን ‹የእኔ ምራት ገበያ ፊት ገመድ አትወረውርም› አሉ። ለእኔ አይደለም የነገሩት፣ ለጣራው ነው። ገባኝ። ጫማዬ አልጋ ሥር ገባ። ያን ክረምት እግሬ አልረጋ አለኝ። ዝናቡ ጣራውን ሲመታ እነሳለሁ፣ በር ላይ እቆማለሁ። አማቴ ‹ምን ጠፋብሽ?› ትለኛለች። ምን እላታለሁ? ወንዙ ጠፋብኝ ይባላል?

«አንድ የገበያ ቀን እሳቸው ከፊት፣ እኔ ቆጮ አዝዬ ከኋላ ባቴና ደረስን። የግንድ ድልድዩ ተወስዷል፤ ልጆቹ ዳር ለዳር መያዣ ገመድ ወጥረው ቆመዋል፤ ማዶ ገበያተኛው ሞልቷል። ደሳለኝ ቀረብ ብሎ ‹አባባ፣ ስምዎን› አላቸው።

«‹ለምንህ?›

«‹ደንብ ነው አባባ። ድንገት ቢያስፈልገን።›

«‹ወንዝ ዳር ስም አይነገርም። ውሃ ስምህን ከሰማ ይጠራሃል። ያንተ አባት ይሄን አላስተማረህም?›

«ደሳለኝ ወደ እኔ ዞረ። ‹ታደለች፣ አንቺ ንገሪን በቃ!› ደንባችንን የት ያውቀዋል! እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጋሽ አዱኛ ማዶ ነው፣ አይሰማም። ከመንደራችን ሌላ ሰው የለም፤ ማልደን ነበር የወጣነው። አንድ ሽማግሌ ላይ እጅ አይጫን ነገር፣ ደሳለኝ ትከሻውን ነቅንቆ አሳለፋቸው። አንድ ቀን ነው ደንቡ የተጣሰው፤ ያው ያ ቀን።

«ሰማዩ እንደዛሬው ጥርት ያለ ነበር። ዝናቡ ግን እዚያ ላይኛው አገር ነበረ። እሳቸው በአንድ እጃቸው መያዣውን፣ በአንድ እጃቸው ጃንጥላውን ይዘዋል፤ አይዘጉትም፣ ትልቅ ሰው ናቸዋ! መሀል ሲደርሱ ውሃው ቀለሙ ተለወጠ። ያንን ቀለም አንዴ ካየሽ አትረሺውም። ‹ደረሰ! ደረሰ!› ብለው ልጆቹ ጮሁ። ጃንጥላው መጀመሪያ ሄደ። ቀጥሎ እጃቸው ከመያዣው ተላቀቀ። ታች ወዳለው ጥምዝ ወሰዳቸውና አንዲት የዛፍ ሥር ይዘው ቀሩ፤ ፊታቸው ወደ ማዶ፣ ጀርባቸው ወደ እኛ። ደሳለኝ ወረወረ። ‹አባባ! አባባ ገመድ!› ገመዱ ትከሻቸው አጠገብ ያልፋል፣ እሳቸው አያዩትም። ማዶ ያለው ሽማግሌ ሁሉ አባባ ነው። ደግሞ ወረወረ። አልዞሩም። የያዟት ሥር ትነቀል ጀመር። ጋሽ አዱኛ ከማዶ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ‹ስማቸው! ስማቸውን የሚያውቅ!› አለ። አገሩ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ስሙን የማትጠሪውን ሰው ስም ከሁሉ አብልጠሽ ታውቂዋለሽ። ቀን ተሌት የምትሸሺው እሱን ነዋ። ምላሴ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣም። ብጠራው ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ፤ አማቷን በገበያ ፊት ያዋረደች ተብዬ እናቴ ደጅ እመለሳለሁ። ባልጠራው፣ ሥሯን እያየኋት ነው። ቆጮውን ከጀርባዬ ጣልኩት። ገመዱን ከደሳለኝ እጅ ነጠቅኩ። ጠራሁ። አንዴ ብቻ፣ ከሆዴ። ዞሩ! ልክ ደጃፍ ላይ ሰው እንደጠራቸው ዞሩ። ሲዞሩ ገመዱ ደረታቸው ላይ ነበር።»

ወንዙ ዳር ደርሰናል። አያቴ ትንፋሿን እየሰበሰበች የተፈተንኩባትን ድንጋይ ታያለች። እኔ መጠበቅ አልቻልኩም። «ከዚያስ? ምን አሉሽ?»

«ጎትተው አወጧቸው። ጭቃ ላይ ተቀምጠው ሳሉ፣ ውሃውን ተፉ፣ ባርኔጣቸውን ፈለጉ፣ አጡ። እኔ ርቄ፣ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ቆሜያለሁ። ቀና ሳይሉ ‹ማን ነው ስሜን የጠራው?› አሉ። ደሳለኝ ነፍሱን ይማረው፣ አዝኖልኝ ‹እኔ ነኝ አባባ› አለ። ቁልቁል እስከ ቁምጣው አዩትና ‹ያንተ ድምፅ እንደዚያ አይቀጥንም› አሉት። የሳቀ የለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ‹ምራት የአማቷን ስም አትጠራም› አሉ። ‹ይቺ ጠራችኝ። ጠርታም አወጣችኝ። እንግዲህ ልጄ ናት ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?› ወደ ጀርባዬ አዩና ‹ቆጮውስ?› አሉ። ‹ሄደ፣ አባባ› አልኳቸው። ‹ይሂድ› አሉ፣ ‹አንዳችን መሄዳችን ካልቀረ።› ያኔ ነው ሰው የሳቀው።

«ቤት ስንደርስ ጫማዬን ከአልጋ ሥር አወጡልኝ ብልሽ ውሸት ነው። አላወጡም፤ እኔው አወጣሁት፣ እሳቸው አላዩም። በሚቀጥለው ገበያ ግን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አዲስ ጃንጥላ ይዘው! የሚሻገረውን ሁሉ ‹ስምህን ተናገር! እኔ ደብቄ የደረሰብኝን አልሰማህም?› ይሉታል። ስሙን ቀስ ብሎ የተናገረውን ‹ጮክ በል፣ ልጆቹ ይስሙህ› ይሉታል። ከእሳቸው ወዲያ ስሙን የደበቀ የለም፤ አፍሮ እንኳ ቢሆን ይናገራል። ክረምቱን ሙሉ፣ የቀጣዩንም፣ ከዚያም ወዲያ። ያን ሰሞን ነው ከሀደሮ ልጆች ጋር ገመድ ጉተታ ስንገጥም እሳቸው ከዳር ሆነው ከዘራቸውን ሲወዘውዙ መሬት እወጋለሁ ብለው የራሳቸውን እግር ያቆሰሉት።

«ከዚያማ ተበተንን። ልጆቹ በየተራ ተጠሩ፤ ግንባር የሄደው ሄደ፣ የተመለሰው ጥቂት ነው። ደሳለኝ አልተመለሰም። ጋሽ አዱኛ ተዛወረ፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። የቃጫው ገመድ ላም ታሰረበት፣ በኋላም በሰበሰ። ድልድይ መጣ። እሳቸውም በሰላም፣ በአልጋቸው ላይ፣ ዕድሜ ጠግበው ሄዱ። እኔ ብቻ ነኝ ከዳር ሳልነሳ የቀረሁት። ደመና ሳይ እግሬ ይነሳል፤ የሆነ ሰው እዚያ ታች ስሙን የሚጠራለት አጥቶ እየተሻገረ ይመስለኛል።»

ወንዙ ገና ቀጭን ነው፤ ቢጫዋ ጀሪካን ከጠዋቱ ተረስታ ድንጋይዋ ላይ ቀርታለች። እኔ ያን ሁሉ ዓመት የእርጅና ጠባይ ያልነውን ነገር እያሰብኩ ዓይኔ ሞላ። ግን አላርፍም፣ ጠባዬ ነው።

«እማማ፣ ልጄ ናት ካሉሽ በኋላስ? ስማቸውን ትጠሪያቸው ነበር?»

«በጭራሽ።»

«ፈቅደውልሽ?»

«ፈቅደውልኝ።»

«እስቲ አሁን በይው። እዚህ ማንም የለም። ለእኔ ብቻ።»

አያቴ እንደ ሞኝ አየችኝ።

«አሁን ማን ሰመጠ?» አለች።

ያን ማታ ለቡድናችን ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፣ ልክ እንደ ድሮዎቹ። ደሳለኝ ከግንባር አለመመለሱ ጋ ስደርስ ሳቁ ቆመ። እኔን «ዕድል ነው» ያለኝ ልጅ ነው ቀድሞ እጁን አውጥቶ «ይሁን፣ ስም እንጠይቅ» ያለው። አያቴንም ውርወራ አስተማሪ እንድትሆነን ለመንናት። እሺ አላለችም፤ «ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የምትወርዱት?» አለች።

እናንተም ኑ። ክረምቱ ሳይጠነክር በየቅዳሜው ጠዋት፣ ገበያው ሳይሞላ፣ ድልድዩ በሚርቅበት በታችኛው መሻገሪያ ላይ ነን። ዋና የምትችሉ ኑ፣ የማትችሉም ኑ፤ ውሃን ስትጠጡት ብቻ የምታውቁ ደግሞ ከሁሉ በፊት ኑ። ሴቶች፣ ተራችሁን አትጠብቁ፤ ገመዱ ማን እንደያዘው አያውቅም። ዳር ላይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች፣ ሰማይ ሰማይ የምታይ አሮጊት ታገኛላችሁ። ወንበር አታምጡላት፣ አትቀመጥም። ስማችሁን ግን ጮክ ብላችሁ ንገሯት።